«ዘገባዬን ዩቲዩብ ላይ ሌላ ሰው አነበበው፤ እኔስ ጋዜጣውን ልተወው?»

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። አዲስ አበባ ውስጥ በምትታተም አንዲት ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ሪፖርተር ነኝ። ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የቤትና የመሬት ጉዳይ ነው የምሠራው። ባለፈው ወር፣ ገንዘባቸውን ከፍለው ቁልፍ ሳይረከቡ ዓመታት ስላለፉባቸው ቤት ገዢዎች አንድ ዘገባ አወጣሁ። ለማጣራት ብቻ ሳምንታት ፈጅቶብኛል። ጋዜጣው በወጣ ማግስት አንድ የዩቲዩብ ቻናል ዘገባውን ከነነጠላ ሰረዙ አነበበው። የእኔም የጋዜጣውም ስም አልተጠራም። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አይቶታል። እናቴ ራሷ ደውላ «ይሄን ጉድ ሰማሽ?» ብላ የገዛ ጽሑፌን ነገረችኝ።

ደመወዜ የቤት ኪራይ ከተከፈለበት በኋላ ለአስቤዛ አይተርፍም። የቀድሞ ባልደረባዬ ቻናል አለው። «ነይ አብረን እንሥራ፣ ገቢውን እኩል እንካፈላለን» እያለ ይወተውተኛል። ዋና አዘጋጃችን ደግሞ ሥራውን ያስተማሩኝ፣ እንደ አባት የማያቸው ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ልሄድ ነው» ማለት ከበደኝ። ምን ይሻለኛል?

ቅ.፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ ቅ.፣

አጭሩን መልስ ቀድሜ ልስጥሽ። ባልደረባሽ ባቀረበልሽ መንገድ አትግቢ። አሁን ባለሽበትም እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። ለምን እንደምል ላስረዳሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ከንዴትሽ ልጀምር። መናደድሽ ተገቢ ነው። የተፈጸመውን ሁሉ ግን በሕግ ልትከሺበት አትችይም። የሆነውን ነገር፣ ማለትም ቤቱ አለመረከቡን፣ ማንም ሰው ማውራት ይችላል። የአንቺ ሥራ አረፍተ ነገሩ ነው፣ አሰካኩ ነው። ቃል በቃል ማንበብ የቅጂ መብት ጥሰት ነው፤ ዩቲዩብም ለዚህ ራሱን የቻለ የአቤቱታ ቅጽ አለው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲህ ያለ ቅጣት የደረሰበት ቻናል ይዘጋል። የተቀጠርሽበት ሥራ ስለሆነ ግን ባለመብቱ ባብዛኛው ጋዜጣው ነው። ስለዚህ አቤቱታውን አንቺ ሳትሆኚ ቢሮው ያስገባ። የጋዜጣውን ገጽ ፎቶና የቪዲዮውን አድራሻ ይዘሽ ጋሼ ጋ ግቢ። የሚፈጀው ከአንድ ከሰዓት በላይ አይደለም። ቪዲዮው ሊነሳ ይችላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ያው ሰውዬ ቃሉን ቀያይሮ ያነበዋል። ስለዚህ ደሞዝሽ ከዚህ ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በደብዳቤሽ ላይ አንባቢ ጋዜጣን ትቶ ወደ ዩቲዩብ እንደሄደ አድርገሽ ነው የምታዪው። እኔ ነገሩን የማየው ከሌላ በኩል ነው። መጀመሪያ የሄደው ማስታወቂያው ነው።

በ1985 የፕሬስ አዋጁ ከወጣ በኋላ የነበረውን ዘመን ታላላቆችሽን ጠይቂ። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ የተለመደ ነበር። አዟሪው በሳንቲም ያከራያል። አንዱ አንብቦ ሲመልስ ሌላው ይቀበላል። አንድ ቅጂ በቀን ስንት እጅ እንደሚዞር አስቢው። አሳታሚው ከዚያ ሁሉ አንባቢ ያገኘው የአንድ ቅጂ ዋጋ ብቻ ነበር። ማለቴ፣ የእኛ አገር አንባቢ ድሮም በነፃ ወይም በነፃ በሚጠጋ ዋጋ ነበር የሚያነበው። ኢንተርኔት ያመጣው አመል አይደለም።

ለብዙ ጋዜጣ ወረቀቱንና ማተሚያ ቤቱን፣ አልፎም የአንቺን ደሞዝ የሚከፍለው የኋላው ገጽ ነው። ክፍት የሥራ ቦታ፣ ጨረታ፣ የባንክ ሐራጅ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ። እስቲ የዚህን ሳምንት እትማችሁን ገልጠሽ እዪው። ሥራ ፈላጊው ዛሬ ጋዜጣ ይገዛል? አይገዛም። ቴሌግራም ላይ ያሉት የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎች ጠዋት ከእንቅልፉ ሳይነሳ ስልኩ ላይ ያደርሱለታል። የመንግሥት ግዥም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነው። የቀረው ሐራጁ ነው። እሱም የቀረው ባንኩ ጋዜጣ ስለሚወድ ሳይሆን ሕጉ በጋዜጣ አውጣ ስለሚለው ነው። ሕጉ አንድ ቀን ተሻሽሎ «በድረ ገጽም ይበቃል» ቢል ስንት ጋዜጣ በዚያው ወር እንደሚዘጋ ጋሼ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ይህን ጠይቂያቸው። ሐራጅ ከገቢው ስንቱ ነው? የመልሱን መጠን ስትሰሚ ጋዜጣሽ ስንት ዓመት እንደሚቆይ በግምት ታውቂያለሽ።

ዩቲዩብ ላይስ የሚከፍለው ማነው? ባልደረባሽ ይህን የነገረሽ አልመሰለኝም።

ለማስታወቂያ ገቢ ቻናሉ 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት 4,000 ሰዓት የታየ መሆን አለበት። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው አራት ደቂቃ ቢቆይልሽ 60,000 እይታ ያስፈልግሻል። ይህን ያሟላ ቻናል ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ 55 በመቶው ይደርሰዋል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ የአንድ እይታ ዋጋ ተመልካቹ በተቀመጠበት አገር ይወሰናል። ሜሪላንድ ወይም ፍራንክፈርት ሆኖ የሚያይሽ ሰው፣ ደሴ ሆና ከምታይሽ ሴት በብዙ እጥፍ ይበልጥ ይከፈልበታል። የማስታወቂያ ጨረታው እዚያ ነዋ ያለው።

ከዚህ የሚከተለውን አስቢው። አንቺ የምትጽፊው አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር፣ ቁልፍ ለሚጠብቅ ሰው ነው። ቻናሉን የሚያበላው ግን ከአገሩ ርቆ የሚጨነቀው ነው። ያ ሰው ደግሞ የወረዳ አሠራር ምን ይረባዋል? አገር ሰላም ነው ወይ፣ ማን ታሰረ፣ ማን ምን አለ፣ ይህን ነው የሚፈልገው። አልፈርድበትም፤ ቤተሰቡ እዚህ ነው። ነገር ግን «ሰበር» የሚሉት ርዕሶች፣ በቀይ ቀስት የተወጉት ፎቶዎች፣ «ጉዱ ወጣ» የሚባለው ሁሉ የመጣው ከአዘጋጆቹ መጥፎ ጠባይ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። አንቺም ወር ሙሉ ደክመሽ ስለ ሊዝ ዋጋ የሠራሽው 900 ሰው ሲያየው፣ ባልደረባሽ በአሥር ደቂቃ የቀዳው አሉባልታ 80,000 ሲያይለት፣ ሦስተኛው ወር ላይ እጅሽ የትኛውን እንደሚሠራ እንጃ።

ሌላም አለ። ከዩቲዩብ ማስታወቂያ በላይ ገቢ የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ስፖንሰር ነው። የአማርኛ ቻናሎችን ዞር ዞር ብለሽ ተመልከቺ። የስፖንሰሩ ቦታ ላይ ደጋግመሽ የምታገኚው ሪል ስቴት ነው፤ ውጭ ላለው ወገን ቤት ይሸጣል። አንቺ ደግሞ የምትዘግቢው ስለ ማን ነው? ቁልፍ ስላላስረከበው ሻጭ! ጋዜጣው ላይ ማስታወቂያ ሠራተኛው ሌላ ሰው ነው፣ አንቺ ሌላ ነሽ፣ በመካከላችሁም ጋሼ አሉ። ዩቲዩብ ላይ ስፖንሰሩን በገዛ ድምፅሽ የምታነቢው አንቺው ነሽ። ጋሼ ስንት ጊዜ ስልክ ተደውሎላቸው ሳይነግሩሽ እንደመለሱልሽ ያን ጊዜ ይገባሻል።

«እኩል እንካፈላለን» የሚለውንም ቢሆን ወረቀት ላይ አውርጂው። እኩል የምኑ? ቻናሉ የተከፈተበት ጂሜይል የማን ነው? የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል? የዩቲዩብ ባለቤት ጉግል ሒሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻ ማረጋገጫ ቁጥር የያዘ ደብዳቤ በፖስታ ይልካል፤ 100 ዶላር ሳይሞላ ደግሞ አይከፍልም። ያ ደብዳቤ የደረሰው ለማን ቤት ነው? ብዙ የአማርኛ ቻናል ገንዘቡን የሚቀበለው ውጭ ባለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ስም ነው። ዘመድየው የራሱን ድርሻ አንስቶ፣ ምንዛሬው ተመትቶ፣ የካሜራና የኢንተርኔት ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ነው «እኩል» የሚባለው? ቻናሎች ሲታወቁ ባለቤቶቹ ሲጣሉ አይተሻል። ጥሉ ሁሌ የሚጀምረው የይለፍ ቃል ከመቀየር ነው። ፊትና ድምፁን የሰጠው ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። ባልደረባሽ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ደግ ሰው ውል ሲጠየቅ አይቆጣም።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ የተሠራጨ ሐሰተኛ መረጃን እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። በጋዜጣሽ ላይ ስም ከመጥራትሽ በፊት አርታኢ ያየዋል፣ አንዳንዴም ጠበቃ ይጠየቃል። ቻናሉ ላይ ማን ያየዋል? ባልደረባሽ «ቶሎ ልቀቂው፣ ሌላው ሳይቀድመን» የሚል ዓይነት ከሆነ መልሱን አውቀሽዋል። ድርጅት አቋቁማችሁ ለመሥራት ካሰባችሁ ደግሞ በአዋጅ 1238/2013 መሠረት ምን ምዝገባ እንደሚያስፈልግ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን አስቀድመሽ ጠይቂ።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሺ። በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ነበር። በ2015 ደግሞ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ውጭ ተመልካች ያላቸው ቻናሎች ቆስለውም ቢሆን ቆዩ። አገር ውስጥ ተመልካች ብቻ የነበራቸው ደረቁ። ያን ጊዜ ሐራጅ የሚያወጣው ጋዜጣ ይታተም ነበር። ስለዚህ ኑሮሽን በሙሉ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ አታንጠልጥዪ።

አሁን ስለ እናትሽ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር እሳቸው ናቸው። ጽሑፍሽን ጋዜጣ ላይ አላነበቡትም፤ ሰምተው ግን ከማንም ቀድመው ደወሉልሽ። የአማርኛ ዩቲዩብ ሲባል ቪዲዮ ይመስለናል እንጂ አብዛኛው ሬዲዮ ነው። አንድ ፎቶ ተለጥፎ ድምፅ ይነበባል። ሽንኩርት እየከተፉ፣ ታክሲ እየነዱ፣ ቤይሩትና ሪያድ የሰው ቤት እያጸዱ ነው የሚሰማው። ስልኩ ቆሞ ተደግፏል፤ የሚያየው የለም። ሕዝባችን ሬዲዮ መስማት የለመደ ነው፣ ጋዜጣ ከከተማ ውጭ ብዙም ደርሶት አያውቅም። እንግዲህ ያ ሰውዬ የሰረቀሽ ዘገባ አንድ ነገር አረጋግጦልሻል። ሥራሽ ጆሮ ያገኛል። መቶ ሺህ ሰው የሰማው ያለ ምንም ቀይ ቀስት የተጻፈውን የአንቺን አረፍተ ነገር ነው። አንባቢ የለኝም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ።

ታዲያ ምን ላድርግ ትይኛለሽ።

ዘፋኞቹ ምን እንደሆኑ ተመልከቺ። ካሴት በነበረበት ዘመን አሳታሚ ለአልበሙ ገንዘብ ይቆርጥላቸው ነበር። ሲዲ መጣና ኮፒው በየመንገዱ ተሸጠ፤ ከዚያ ሁሉም ዩቲዩብ ላይ ነፃ ሆነ። በ2011 እነ ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስና ጆኒ ራጋ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆነው «አውታር» የተባለ የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ያወጡት ይህንኑ ለመመለስ ነበር። በነፃ የለመደን ሰው ግን ማስከፈል ከባድ ነው። ዛሬ ዘፋኙን የሚያኖረው መድረኩ ነው፤ ኮንሰርት፣ ሠርግ፣ የአሜሪካና የዱባይ ጉዞ። ዘፈኑ ይቀዳል፤ ሰውየው መድረክ ላይ መውጣቱ ግን አይቀዳም።

የአንቺስ የማይቀዳው ምንድነው? ዘገባው ተቀድቷል። ያልተቀዳው፣ የትኛው ወረዳ ፋይሉን የት እንደሚያስቀምጥ ማወቅሽ ነው። የካርታና የሊዝ ውል ሲነበብ የትኛው አንቀጽ ላይ ገዢው እንደሚታለል ማወቅሽ ነው። ስልክሽ ውስጥ ያሉት ስሞች ናቸው። ያ አንባቢ ሰውዬ አንድ ሰው «እኔስ ውሌ እንዲህ ይላል፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ቢጠይቀው መልስ የለውም። አንቺ አለሽ።

ስለዚህ ጋሼ ጋ ስትገቢ «ልሄድ ነው» አትበያቸው። እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ በቤትና በመሬት ጉዳይ ላይ በጋዜጣው ስም የቴሌግራም ቻናል ልክፈት። የሳምንቱን ዘገባ በድምፄ አንብቤ፣ ጋዜጣው በሚወጣበት ሌሊት ልልቀቀው። ሰርቀው ከማንበባቸው በፊት እኛው እናንብበው።» ድምፅ ለመቅዳት ስልክሽና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃሉ። ፋይሉም ትንሽ ስለሆነ የካርድ ገንዘብ አይበላም። ቴሌግራም የሚሰጠው ብር ይህን ያህል አይደለም፤ የምትፈልጊውም እሱን አይደለም። የምትፈልጊው የሚጠይቁሽን ሰዎች ነው። በየሳምንቱ የአንድ ሰው ውል፣ ስምና አድራሻው ተሸፍኖ፣ አንቀጽ በአንቀጽ አንብቢላቸው። ዩቲዩብም ላይ ያንኑ ድምፅ ጫኚው፤ እነ እማማ እዚያ ናቸው።

ሰው ሲሰበሰብ ማስከፈል ይመጣል። ከ2013 ወዲህ ቴሌብር ስላለ ትንሽ ገንዘብ ከብዙ ሰው መሰብሰብ እንደ ድሮው አስቸጋሪ አይደለም። ዜናውን አታስከፍዪ፤ ይቀዳብሻል። የቤት ገዢ መመሪያ፣ የውል ናሙና፣ በወር አንድ ቅዳሜ አዳራሽ ተከራይታችሁ ከሕግ ባለሙያ ጋር የምታደርጉት የጥያቄና መልስ ጊዜ፣ እነዚህ ያስከፍላሉ። ውጭ ያለው ወገንም እዚህ ጋ በቀጥታ ይመጣል። ቤት ገዝቶ ቁልፍ ካልተረከበው ሰው ስንቱ ዋሽንግተን እንዳለ ታውቂያለሽ። ያ ሰው ሰበር ዜና ሲያይ ለጉግል ነው የሚከፈልበት፤ ውሉን ስታነቢለት ግን ለአንቺ ይከፍላል። ይህኛው ደንበኛ ደግሞ አታጋኚ የሚልሽ ነው፤ ገንዘቡ ተይዞበታል።

ለዚህም ቢሆን ከጋሼ ጋር ውል ይኑርሽ። ቻናሉ የጋዜጣው ሲሆን ከገቢው ለአንቺ ምን ያህል ይደርሳል? ብትለቂ ተከታዮቹ ከማን ጋር ይቀራሉ? ከባልደረባሽ የጠየቅሽውን ከሳቸውም ጠይቂ። እንደ አባት ማየትሽ ደግ ነው፤ አባትና ልጅም ርስት ሲካፈሉ ሽማግሌ ያስቀምጣሉ። «እሺ» ካሉ በርቺ። «ጋዜጣ ጋዜጣ ነው፣ ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው» ካሉሽ ግን፣ በራስሽ ስም፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ለጋዜጣው ያልሠራሽውን ይዘሽ ጀምሪ። ከዚያ በፊት የቅጥር ውልሽን አውጥተሽ ሌላ ሥራ ስለ መሥራት ምን እንደሚል እዪው። ውሉ የሚከለክል ከሆነ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ያዢ።

ለባልደረባሽ ደግሞ በሩን አትዝጊበት። እሱ ካሜራና ኤዲቲንግ ይችላል፣ አንቺ አትችይም። በአንድ ሥራ ተዋዋሉ፤ ለአንድ ቪዲዮ ይህን ያህል ብር ብሎ ይሥራልሽ። ቻናሉን ግን በአንቺ ጂሜይል ክፈቺው።